የ8 ዓመቷ ልጄ ባሌት ካልሆነ ብላ ድርቅ ብላለች፤ ምን ላድርግ?

ግራ የገባት እናት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ 8 ዓመቷ ነው። ባሌት ከጀመረች ሰነባብታለች። መጀመሪያ በሳምንት አንድ ቀን ነበር፣ አሁን ሁለት ቀን ሆኗል። እኔ እንደሌላው ሁሉ ይበርድላታል ብዬ ነበር። ዋናም ጀምራ ትታለች፣ ሥዕልም እንዲሁ። ይሄኛው ግን እየባሰባት ነው የሄደው። ጥርሷን የምትቦርሸው በአንድ እግሯ ቆማ ነው። ወለል ላይ የወደቀ ነገር ለማንሳት ጎንበስ ማለት ትታለች፤ ጀርባዋን ቀጥ አድርጋ፣ ጉልበቷን ወደ ጎን ከፍታ ቁጭ ብድግ። በቀደም ደግሞ «እኔ የምሬን ነው፣ እንደ ትልልቆቹ መማር እፈልጋለሁ» አለችኝ። አላለቀሰች፣ አልተነጫነጨች። ይህንኑ ብላኝ ወደ ጨዋታዋ ሄደች። እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ስለ ባሌት የማውቀው ነገር የለም፣ ዜሮ ነኝ። አባቷ ደግሞ «ትምህርቷስ?» ከማለት ውጪ ሌላ ቃል አይወጣውም። የፖይንት ጫማ (ያ በእግር ጣት ጫፍ የሚቆሙበት ጫማ) ግዢልኝ ብላ ይዛኛለች፤ አብራት ለምትማር አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ተገዝቶላታል። ስልክ ላይ የምታያቸው ልጆች እግራቸው ጆሯቸው ጋ ይደርሳል፤ እሷም ሶፋው ላይ አንድ እግሯን ሰቅላ ስትወጣጠር አገኛታለሁ። አስተማሪዋ ደግ ናት፣ ልጆቹ ይወዷታል፤ ግን ጥሩ አስተማሪ መሆኗን በምን አውቃለሁ? ዘግይተን ይሆን? ደግሞ ልጄ ሞላ ያለች ናት። ከወዲሁ ስለ ሰውነቷ የሆነ ነገር ቢሏትስ ብዬ እፈራለሁ። የምታውቁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

የድሮ ዳንሰኛ፦

እህቴ፣ መጀመሪያ ረጋ በይ። አልዘገያችሁም። እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ ተምሬ፣ መድረክ ላይም ትንሽ ሠርቼ፣ አሁን ትንንሾችን አስተምራለሁ።

ሴንት ፒተርስበርግ ያለው የቫጋኖቫ አካዳሚ ከ1738 ጀምሮ ዳንሰኛ ሲያወጣ የኖረ ነው። ልጆችን የሚቀበለው 10 ዓመት አካባቢ ሲሆናቸው ነው። የእንግሊዙ ሮያል ባሌት ትምህርት ቤት የሙሉ ጊዜ ተማሪ የሚይዘው ከ11 ዓመት ጀምሮ ነው። እነሱ ያልቸኮሉትን እኛን ምን አስቸኮለን? ሚስቲ ኮፕላንድ ስትጀምር 13 ዓመቷ ነበር፤ በ2015 በአሜሪካን ባሌት ቲያትር ዋና ዳንሰኛ የሆነች የመጀመሪያዋ ጥቁር አሜሪካዊት ሴት ለመሆን በቅታለች። እሷን ግን እንደ ደንብ አትያዥያት፣ እንደሷ ያለ ሰው በየቀኑ አይወለድም። ለማለት የፈለግኩት በሩ አልተዘጋም ነው።

ፖይንቱን በተመለከተ ግን መልሴ አጭር ነው፦ አይሆንም። ዘንድሮም፣ የሚመጣውም ዓመት።

ጫማውን አንድ ቀን በእጅሽ ይዘሽ እዪው። ብዙ ሰው ጫፉ ውስጥ እንጨት ያለ ይመስለዋል። በተለመደው ጫማ ውስጥ ያለው በሙጫ ተለጣጥፎ የደረቀ ድርብርብ ጨርቅና ወረቀት ነው። ከሥሩ ደግሞ ከቆዳ ወይም ከጠንካራ ካርቶን የተሠራ ደጋፊ አለው። በቃ፣ ይሄው ነው። ሙቀትና ላብ ሲነካው ይላላል፤ ትልልቆቹ ባሌሪናዎች አንዳንዴ በአንድ ምሽት አንድ ጥንድ የሚጨርሱት ለዚህ ነው። ልጅቷን ጫፍ ላይ የሚያቆማት ቁርጭምጭሚቷ፣ ሆዷና የዳሌዋ ጡንቻ ነው። የ9 ዓመት ልጅ የእግር አጥንት ደግሞ ገና እያደገ ነው፣ ጫፍ ጫፉ ላይ ያለው ክፍል ገና አልጠነከረም። ዓለም አቀፉ የዳንስ ሕክምናና ሳይንስ ማኅበር ከ12 ዓመት በፊት አይጀመር ይላል። 12 ስለሞላት ብቻም አይደለም። በሳምንት ሁለቴ የምትማር ልጅ የምትጀምረው የሥልጠናዋ አራተኛ ዓመት ላይ ስትደርስ ነው፣ ያውም ሰውነቷ ብቁ ከሆነ። በሳምንት አንዴ ብቻ የምትማር ከሆነ ደግሞ ባትሞክረው ይመረጣል።

እኔ ክፍል ውስጥ የማየው ነገር አለ። በለስላሳው ጫማ በአንድ እግሯ ቆማ ተረከዟን ታነሳና ቀስ ብላ ትመለሳለች። ቁርጭምጭሚቷ ወዲህ ወዲያ ካለ ገና ናት። እግሯን ዘርግታ ጣቶቿን ስትቀስር የእግሯ ላይኛው ክፍል ከቅልጥሟ ጋር አንድ መስመር ካልሠራም ገና ናት። ያቺን የ9 ዓመት ልጅ ማን እንደፈቀደላት ጠይቂ። ወላጆቿ በራሳቸው ገዝተውላት ከሆነ የአስተማሪዋ ጥፋት አይደለም። አስተማሪዋ ራሷ ግዙላት ብላ ከሆነ ግን ስለ ደግነቷ አመስግነሽ ሌላ ቦታ ፈልጊ።

የአስተማሪን ጥሩነት ለማወቅ አንድ ክፍለ ጊዜ ቁጭ ብለሽ እዪ። የራስሽን ልጅ አትዪ። ከሁሉም በላይ የሚከብዳትን ልጅ ፈልጊና አስተማሪዋ ለእሷ ምን እንደምታደርግ ተመልከቺ። ባሌት ላይ እግር ወደ ውጭ የሚዞረው ከዳሌ ነው። ዳሌዋ አልዞር ያላት ልጅ ከታች ታጭበረብራለች፤ መርገጫዋን ወለሉ ላይ አጣብቃ በግድ ወደ ጎን ታዞረዋለች። ያኔ ፕሊዬ ስትወርድ፣ ማለትም ጉልበቷን አጥፋ ዝቅ ስትል፣ እዪያት። ጣቶቿ ወደ ጎን ያያሉ፣ ጉልበቷ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የውስጥ እግሯ ቅስት ወለሉ ላይ ይተኛል። ጥሩ አስተማሪ ይሄን ስታይ «መልሺው፣ ትንሽ ይበቃሻል» ትላለች። ሌላዋ «ክፈቺው፣ ክፈቺው!» ትላለች፤ ዕዳው ጉልበት ላይ ነው የሚመጣው። ስፕሊት የወረደችን፣ ማለትም ሁለት እግሯን ዘርግታ ወለል ላይ የተቀመጠችን ልጅ ከላይ ሆና የምትጫን አስተማሪ ካየሽ ደግሞ ልጅሽን ይዘሽ ውጪ፣ መሰናበትም አያስፈልግ።

ወለሉንም ራስሽ ዝለዪበት። ስታርፊ ትንሽ ዝቅ ብሎ ሊቀበልሽ ይገባል። ሲሚንቶ ላይ ፕላስቲክ ተነጥፎ ከሆነ ያው ሲሚንቶ ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ፣ ለዚህ ዕድሜ ጥሩ ክፍል አሰልቺ ነው። አግዳሚውን ይዘው ያንኑ ፕሊዬ፣ ያንኑ ታንዱ (እግርን ወለሉ ላይ አንሸራቶ መዘርጋት)፣ ደግሞ ከመጀመሪያው። ዘወትር አዲስ ትርኢት፣ አዲስ ልብስ፣ አዲስ ሜዳሊያ የሚታይበት ቦታ ወላጅን ያስደስታል፣ እግርን ግን አያስተምርም። ስመ ጥሩው የፕሪ ደ ሎዛን ውድድር እንኳ የሚቀበለው ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትን ነው።

ሶፋውን አስቁሚያት። መወጠር የምትችለው ወለል ላይ፣ ሰውነቷ ከሞቀ በኋላ ነው። ስልክ ላይ ከምታያቸው ብዙዎቹ ሲወለዱም መገጣጠሚያቸው ልል ነው። ልል ልጅ እንደሚታሰበው የታደለች አይደለችም፤ መገጣጠሚያዋን የሚይዝላት ጡንቻ እስክታዳብር ድረስ እኔን የበለጠ የምታሳስበኝ እሷ ናት።

ልጅነቷን ተዉላት፦

ይቅርታ ይደረግልኝና፣ የ8 ዓመት ልጅ እኮ ናት። እኔ በ8 ዓመቴ ፓይለት ነበርኩ፣ በ9 ዓመቴ ደግሞ ዶክተር። ትጫወትበት፣ ትደሰትበት። ምን ሥልጠና፣ ምን አካዳሚ አመጣው?

የድሮ ዳንሰኛ፦

በግማሹ እስማማለሁ። በሳምንት ሁለት ቀን ግን ማንንም ከጨዋታ አያስቀርም። 10 ዓመት ሲሞላት ሦስት ቀን ይሁን፤ ራሷ ከጠየቀች። ሩጫውም፣ ዛፍ መውጣቱም፣ የተወችው ዋናም ለባሌት ይጠቅማል። በዚህ ዕድሜ ሌላውን ሁሉ አስትቶ ባሌት ብቻ የሚያሠራ ሰው ካጋጠማችሁ እኔም ከአንተ ጋር ሆኜ እጮሃለሁ።

የወንድ ልጅ አባት፦

የእኔ ልጅ አሁን 14 ዓመቱ ነው፣ ባሌት ይማራል። አዎ፣ ወንድ ነው። አዎ፣ ትምህርት ቤት ይቀልዱበታል። ሴት አጋሩን ከጭንቅላቱ በላይ ማንሳት ሲጀምር ቀልዱ ቀነሰ።

ስለ ቴክኒኩ እህታችን ተናግራለች። እኔ ስለ ወላጅ ልናገር። ከክፍል ስትወጣ «ዛሬ እንዴት ነበርሽ? ከማን ትሻያለሽ? አስተማሪዋ ምን አለችሽ?» አትበያት። ውሃ ስጪያትና ዝም በይ። መናገር ስትፈልግ ራሷ ትጀምራለች። እኛ ቤት እናቱ ቪዲዮ እያነሳች ማታ ታርመው ነበር፣ ልጁ ክፍል መግባት ጠላ። አስተማሪ አለው፣ ሁለት አስተማሪ አያስፈልገውም።

የመግቢያ ፈተና ሲመጣ ደግሞ አይሆንም መባልን ለምዳችሁ ግቡ። ትልልቆቹ ትምህርት ቤቶች የሚያዩት ችሎታን ብቻ አይደለም። የዳሌ መዞር፣ የእግር ቅስት፣ የአንገትና የእግር ርዝመት ሁሉ ይለካል። ልጁን በደንብ ሠርቷል ብለው ሰውነቱን ግን አይሆንም ሊሉት ይችላሉ። ልጄ ይሄ ደርሶበታል። ለአንድ ሳምንት ጫማውን አልነካም፣ ከዚያ ነካ። እኔ ቶሎ እንዲመለስም፣ እንዲተወውም አልገፋሁትም።

«ትምህርቷስ?» ለሚለው አባት፦ ጥያቄው ልክ ነው። ዳንሰኛ የሆነም ሰው ብዙውን ጊዜ 40 ዓመት ሳይሞላው ከመድረክ ይወርዳል፣ ጉዳት ካገኘው ደግሞ ገና ድሮ። እኛ ቤት ያለው ስምምነት የቤት ሥራ ካላለቀ ክፍል የለም ነው። ደግሞ አባቷን አንድ ቀን ወስደሽ አስቀምጪው። እኔን የቀየረኝ ምክር ሳይሆን እነዚያ ልጆች ያን ሁሉ ሰዓት ትኩረታቸውን ይዘው ሲቆሙ ማየቴ ነው።

ፊዚዮቴራፒስት ነኝ፦

እርስዎ ስለ ሰውነቷ የጠየቁትን ማንም አላነሳውም። ከዳንሰኛ ልጆች ጋር ስለምሠራ ጥቂት ልበል።

ሞላ ማለቷ በ8 ዓመቷ ችግር አይደለም። ችግር የሚሆነው አንድ ትልቅ ሰው ስለሱ አስተያየት ሲሰጥ ነው። ክፍል ውስጥ ሚዛን ካለ፣ ወይም አስተማሪዋ በልጆች ፊት ስለ ሆድና ስለ ጭን የምትናገር ከሆነ፣ ልጅዎን ያውጡ። በቤትም እንደዚሁ፤ እናት መስታወት ፊት ቆማ ራሷን ስትሰድብ ልጅ ትሰማለች።

ከፍ ስትል እርስዎ የሚከታተሉት ነገር የወር አበባዋ ነው። ብዙ እየሠራች የማትበላ ልጅ ሰውነቷ ይቆጥባል። የወር አበባ ይዘገያል ወይም ይቋረጣል፣ አጥንት ይሳሳል፣ ከዚያ የእግር አጥንት በትንሹ ይሰነጠቃል። 15 ሞልቷት ካልመጣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። «ዳንሰኞች እንዲህ ናቸው» የሚልዎትን አይስሙ።

ሌላው በአንዴ የምትረዝምበት ጊዜ ነው። አጥንቱ ጡንቻውን ይቀድመዋል። ትናንት የምትሠራውን ዛሬ ያቅታታል፣ ትተሳሰራለች፣ ሚዛኗ ይጠፋል፣ ተረከዟን ወይም ከጉልበቷ በታች ያማታል። ልጆች ችሎታዬ ጠፋ ብለው የሚያለቅሱት ያኔ ነው። አልጠፋም፣ ይመለሳል። በዚያን ጊዜ ዝላይ መቀነስ እንጂ መወጠር መጨመር አያስፈልግም።

የጡንቻ ድካም በሁለቱም እግር በኩል ይሆንና በሁለት በሦስት ቀን ይለቃል። አንድ ቦታ ላይ በጣት የምታሳይዎት፣ ሌሊት የሚቀሰቅሳት ወይም የሚያነክሳት ሕመም ግን መታየት አለበት።

ግራ የገባት እናት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የምር።

አስተማሪዋን ስለ ፖይንቱ ጠየቅኳት። «እኔ አልፈቀድኩም፣ ይዛው ስትመጣ አስወልቄያታለሁ፣ ለእናቷም ነግሬያታለሁ» አለችኝ። ቁጭ ብዬም አየሁ። ፕሊዬ ላይ ሁለት ልጆችን እግራቸውን አስመለሰቻቸው፤ አንደኛዋ የእኔዋ ናት። ሶፋው ላይ ተጣላን፣ ግን ቆሟል። ወለሉ እንጨት ነው፣ ዘልዬበታለሁ፣ ልጆቹ ሳቁብኝ። አባቷ ቅዳሜ ይመጣል።

አንድ የቀረ ጥያቄ አለኝ፣ ትንሽ ሞኝ ነገር ነው። የልምምድ ልብሱ ሮዝ ረጅም ካልሲ (ታይት) እና ሮዝ ጫማ ነው። ልጄ ጠይም ናት። «ለምን የእኔ እግር ሌላ ሰው ይመስላል?» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

የድሮ ዳንሰኛ፦

ምኑ ነው ሞኝ? ሮዙ የተመረጠው ከነጭ ቆዳ ጋር እንዲሄድና እግር ከጫማው ጋር አንድ መስመር ሆኖ እንዲታይ ነው። በጠይም እግር ላይ ያው ሮዝ መስመሩን ይቆርጠዋል። ልጅሽ ያየችው ይሄንኑ ነው፣ ዓይን አላት።

ጥያቄውንም የጀመረችው እሷ አይደለችም። በ1969 በኒውዮርክ የተመሠረተው ዳንስ ቲያትር ኦቭ ሃርለም ከ1974 ጀምሮ ዳንሰኞቹን በየቆዳቸው ቀለም ካልሲና ጫማ ያለብሳል። ያኔ ጫማውን በቀለም ወይም ፊት በሚቀባ ሜካፕ ነበር የሚያጠቁሩት። በ2018 ደግሞ ፍሪድ የተባለው የለንደን ጫማ ሠሪ ባሌት ብላክ ከሚባለው ቡድን ጋር ሆኖ ቡናማ የፖይንት ጫማ አወጣ። ዛሬ ለልጆችም ለስላሳው ጫማ በተለያየ ቡናማ ይሠራል። እኛ ክፍል እያንዳንዷ የራሷን ቀለም ነው የምትለብሰው።

አስተማሪዋን ጠይቂያት፣ ከነገርሽን እንደገባኝ እምቢ የምትል አትመስልም። ከፈቀደች ካልሲውን ከጫማው ጋር አብረሽ ግዢ፤ ለየብቻ ከገዛሽ ቀለማቸው አይገጥምም። ጫማው ደግሞ ልክክ ያለ ይሁን፣ ታድግበታለች ብለሽ ሰፊ እንዳትወስጂ፤ ጣቶቿን አጣጥፋ መያዝ ትጀምራለች።