ሞተሬ ውሃ ጠጥቶ ቢየላው ታጠፈ፤ የትኛውን ቢየላ ልግዛ?

ጠያቂ (ኮምቦልቻ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። መኪናዬ ቶዮታ ሃይሉክስ ናት። ሞተሯ 1ኬዲ፣ 3.0 ሊትር ናፍጣ፣ ባለ ቱርቦ። ሐምሌ ላይ ቦርከና ሞልቶ መንገድ ላይ ወጥቶ ነበር። አልፈዋለሁ ብዬ ገባሁ፤ መሃል ላይ ድርግም ብላ ጠፋች። ደንግጬ ሁለት ሦስቴ ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) መታሁ። ኢንጀክተሮቹን አውጥተን ውሃውን ስናስወጣ ተነሳች፤ ግን ታንኳኳለች፣ ነጭ ጭስም አላት። ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ሲነሳ 3ኛው ፒስቶን ከሌሎቹ ወደ 2 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ይቆማል።

መካኒኬ የታጠፈውን ቢየላ (ፒስቶኑን ከኮሎው፣ ማለትም ከሚሽከረከረው የሞተሩ ዘንግ ጋር የሚያገናኘውን ብረት) በፕሬስ እናቃናው ይላል። ጓደኛዬ የእሽቅድምድም መኪና ቢየላ፣ ኤች ቢም (ወገቡ እንደ H ፊደል የሆነ) አስመጣ ይለኛል። አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ (የመለዋወጫ ገበያ) ደግሞ ያገለገለ አንድ ፍሬ አለ ተብያለሁ። አዲስ አራቱንም መግዛት ከአቅሜ በላይ ነው። ኮምቦልቻና ደሴ ዕቃ የማመላልስባት እንጀራዬ ናት። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መካኒክ (ደሴ፣ ሸዋ በር)፦
ወንድሜ፣ እንኳን አንተ ተረፍክ። ፕሬሱን ግን እርሳው። የታጠፈ ብረት ቀጥ ቢል እንኳ የታጠፈበት ቦታ ደክሟል። ሞተሩ በደቂቃ 3000 ሲዞር ቢየላው በሴኮንድ 50 ጊዜ ይወጣል ይወርዳል። የደከመው ቦታ ቀስ እያለ ይሰነጠቃል፤ ሲበጠስ ብሎኩን (ሲሊንደሮቹ ያሉበትን የሞተሩን አካል) በስቶ ይወጣል። እኔ ዘንድ እንዲህ ተቃንቶ የሄደ መኪና ሐረጎ ዳገት ላይ ጭነት እንደያዘ ተበጥሶበት በጎታች ተመልሷል። ብሎኩም ቴስታታውም አልተረፉም። ያን ቀን የባለቤቱን ፊት አይቼ በፕሬስ ማቃናት ትቻለሁ።

ቶርኖ ቤት (ደሴ)፦
3ኛውን ብቻ አትይ። ውሃ አንድ ሲሊንደር መርጦ አይገባም። አራቱንም አምጣና መታጠፋቸውም መጠምዘዛቸውም ይለካ። በ100 ሚሊ ሜትር ርዝመት ከ0.05 ሚሊ ሜትር በላይ ከታጠፈ ብዙ የጥገና መጽሐፎች ለውጥ ነው የሚሉት። ይህ በዓይን አይታይም። የቢየላው ትልቁ ቀዳዳ (ኮሎው ላይ የሚታሰርበት) ክብነቱን መጠበቁ፣ የኮሎውም ቀጥነት አብሮ ይታያል። አደራ፣ ቢየላዎቹን ስትፈታ የአንዱን ክዳን ከሌላው ጋር እንዳታቀያይር። እያንዳንዱ ከክዳኑ ጋር አብሮ ነው የተሠራው።

የቱርቦ ወዳጅ፦
ኤች ቢም መጥፎ አይደለም፤ ያንተን ችግር ግን አይፈታም። ቢየላን ሁለት ነገር ያስጨንቀዋል። አንዱ ከላይ የሚመጣው የቃጠሎ ግፊት ነው፤ ይጨምቀዋል። ሁለተኛው ፒስቶኑ ጫፍ ደርሶ ሲመለስ የሚስበው ኃይል ነው። ይህኛው ዙሩ እጥፍ ሲሆን አራት እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ 7000 ዙር ለሚሄድ የቤንዚን ቱርቦ ቀለል ያለ ቢየላና ጠንካራ ቡሎን ዋጋ አላቸው። ያንተ ናፍጣ ሙሉ ጉልበቱን የሚሰጠው 3400 አካባቢ ነው። የሚከብደው ግፊቱ ነው፤ ለዚያ ደግሞ የፋብሪካው አይ ቢም (ወገቡ እንደ I ፊደል የሆነው) በቂ ነው። የቱርቦውን ግፊት ከፋብሪካው በላይ ካላሳደግክ ብርህን ለብሮንዚና (ኮሎው ላይ ለሚቀመጠው መሸከሚያ) እና ለፋሻ (ለፒስቶኑ ቀለበት) አውለው።

ጠያቂ፦
እሺ፣ ገባኝ። የሱማሌ ተራውስ?

መካኒክ (ሸዋ በር)፦
እሱም ሌላ ቦታ ውሃ ጠጥቶ የተነቀለ ሊሆን ይችላል። ከገዛህ የሞተሩ ዓይነት አንድ መሆኑን፣ ክዳኑና አካሉ ላይ ያለው ምልክት መግጠሙን እይ። ሳይለካ እንዳይገባ። ከሌሎቹም ጋር በሚዛን ይመዘን። ልዩነቱ ከጥቂት ግራም ካለፈ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። እኔን ካልክ ግን አራት ርካሽ ኮፒ ከምትገዛ የታጠፈውን ብቻ በኦሪጅናል ተካው። የቢየላ ቡሎኖችን ግን የአራቱንም አዲስ አድርግ። መጀመሪያ በቶርክ ሬንች (ኃይሉን በሚለካ ቁልፍ)፣ ከዚያ በዲግሪ (በተወሰነ ማዕዘን በማዞር) ነው የሚጠብቁት። ሲጠብቁ ስለሚለጠጡ አሮጌውን መልሶ ማሰር አልወድም።

ሾፌር (ባቲ መስመር)፦
ኢንተርኩለሩን (ከቱርቦው የሚወጣውን አየር ማቀዝቀዣ) አውርደህ አድርቀው ወንድሜ። የእኔ ውስጡ ውሃ ቀርቶ ነበር፤ ተገጥሞ ሊነሳ ሲል ነው ያየነው። ዘይቱንም ከትንሽ ጉዞ በኋላ ድገመው።

ጠያቂ፦
አላህ ይስጣችሁ። ዛሬ ቶርኖ ቤት ለካነው። 3ኛው ያው ነው፤ 2ኛውም 0.08 ሚሊ ሜትር ወጣ። ሁለቱ ደህና ናቸው፣ ኮሎውም ቀጥ ነው። ሁለት ኦሪጅናልና ስምንት ቡሎን አዝዣለሁ።

መካኒክ (ሸዋ በር)፦
ጥሩ ነው፤ እንኳን 2ኛውንም ለካችሁት። ቢየላዎቹ ከገቡ በኋላ ፒስቶኖቹ ከብሎኩ ምን ያህል ብቅ እንደሚሉ አራቱንም ለኩ። የዚህ ሞተር የቴስታታ ጋርኒሲዮን (በብሎኩና በቴስታታው መሃል የሚገባው ማሸጊያ) በውፍረት ይለያያል፤ የሚመረጠውም በዚያ ልክ ነው። የድሮውን ቁጥር ይዘህ ሄደህ እንዳትገዛ።