የ1933ቱ የኦክስፎርድ ክርክር፦ ድምፁ የማን ነበር?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። «የኦክስፎርድ ተማሪዎች ለንጉሥና ለአገር አንዋጋም አሉ» ሲባል እሰማለሁ። ዩኒቨርሲቲው ነው የወሰነው? (ዓመቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው።)

መልስ 1፦ አይደለም። የወሰነው የኦክስፎርድ ዩኒየን የሚባል የተማሪዎች የክርክር ማኅበር ነው፤ ድምፅ የሚሰጡት በቦታው የተገኙ አባላት ብቻ ናቸው። ፌብሩዋሪ 9፣ ሂትለር የጀርመን ቻንስለር በሆነ በ10ኛው ቀን፣ «ይህ ቤት (ማለትም ተከራካሪው ጉባኤ) በምንም ሁኔታ ለንጉሡና ለአገሩ አይዋጋም» የሚለው ሐሳብ 275 ለ153 አለፈ። ድምሩ 428 ነው፤ የዩኒቨርሲቲውን ሕዝብ አይወክልም። ሴቶችማ እስከ 1963 አባል መሆን እንኳ አልተፈቀደላቸውም!

መልስ 2፦ ያለፈበትን ምክንያት ሰዎች ይስታሉ። ለሐሳቡ የተናገረው ፈላስፋው ጆድ ጦርነትን ጨርሶ የሚቃወም ሰው ነበር። ድጋፍ የሰጡት ሁሉ ግን እንደ እሱ አልነበሩም፤ ብዙዎቹ የጠሉት አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲጀመር የነበረውን የ1914ቱን ዓይነት ጭፍን የአገር ፍቅር ጥሪ ነው እንጂ በመንግሥታቱ ማኅበር በኩል ወራሪን መመከትን አልነበረም። «በምንም ሁኔታ» የሚለው ቃል ይህን ልዩነት ዋጠው። ለእኛ ትርጉም ያለውም እዚህ ላይ ነው፤ ጣሊያን በ1935 ስትወረን የተነሣው ጥያቄ ይኸው ነበርና።

መልስ 3፦ ለመጨመር ያህል፦ የዊንስተን ቸርችል ልጅ ራንዶልፍ ቸርችል ውሳኔው ከመዝገብ ይፋቅ ብሎ በማርች 2 ቢሞክርም 750 ለ138 ተሸነፈ። ብዙዎች የመጡት ከውጭ የመጣውን ጫና ለመቃወም ይመስለኛል፤ የፈሪ ምልክት የሆነው ነጭ ላባ ሳይቀር ለዩኒየኑ ተልኮ ነበር።