ፍሪትዝ ባይኖር ፊልሙ ምን ይሆን ነበር?

ማታ_ማታ፦
የ1931ዱን ፍራንከንስታይን ፊልም ሰሞኑን ደግሜ አየሁት። አሁንማ ሬሳ ገጣጥሞ ሕይወት የሚዘራውን ዶክተር ፍራንከንስታይንንም፣ የፈጠረውን ጭራቅም ትቼ ዓይኔ የሚሄደው ጎባጣው ረዳት ላይ ነው። ድዋይት ፍራይ የተጫወተው ፍሪትዝ ላይ። ያቺን አጭር ዱላውን ይዞ ደረጃ ሲወጣ ቆም ብሎ ካልሲውን ወደ ላይ ይስባል። ለታሪኩ ምንም አትፈይድም፤ ግን ሰውየውን በቃ አወቅኩት። ወደ ሥራው ስንመጣ ደግሞ የተሰቀለውን ሬሳ ገመድ የሚቆርጠው እሱ፣ አንጎል የሚሰርቀው እሱ። ጤነኛውን አንጎል በድንጋጤ ጥሎ የወንጀለኛውን ይዞ ይመጣል። ጭራቁን በጅራፍና በችቦ የሚያሰቃየውም እሱው ነው። እሱን ብናወጣው ታሪኩ ይቆማል?

ቤዛ ኬ፦
ይቆማል እንጂ! የሜሪ ሼሊ የ1818 ልቦለድ ውስጥ እኮ እንዲህ ያለ ረዳት የለም። እዚያ ዶክተሩ፣ ቪክቶር፣ ብቻውን ይሠራል፣ ብቻውን ይጠየቃል። ፍሪትዝ የመጣው በ1823 ታሪኩ ለንደን ውስጥ ቲያትር ሲሆን ነው። መድረክ ላይ ሰውየው ዝም ብሎ ሲሠራ ማን ያያል? አጮልቆ አይቶ ለተመልካች የሚያወራ አስፈለገ። ፊልሙ ደግሞ ይሄን ምስኪን ወስዶ ጥፋቱን ሁሉ አሸከመው። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። የቀድሞ መምህሩ ዶክተር ዋልድማን አንጎሉ የወንጀለኛ መሆኑን ሲነግረው ፍራንከንስታይን ምን አለ? የሞተ ሥጋ ነው ብሎ አለፈው። ጥፋቱ እዚያ ጋ ነው፣ ፍሪትዝ ጋ አይደለም።

ጋሽ ሙሉ፦
ልጆቼ፣ ሁለታችሁም ሉድቪግን ረሳችሁት። የትንሿ ማሪያን አባት። ጭራቁ ከልጅቷ ጋር ሐይቁ ዳር ቁጭ ብሎ አበባ እየወረወረ ይጫወታል። አበባው ሲያልቅበት እሷም የምትንሳፈፍ መስሎት ይወረውራታል። ያን ቀን ዶክተሩ ሙሽራ ነው። መንደሩ ሁሉ እየጨፈረ ነው። አባትየው የልጁን ሬሳ ታቅፎ በጭፈራው መሃል ያልፋል። ካሜራው ከጎኑ አብሮት ይሄዳል። ያዩት ሰዎች እግራቸው ይያዛል፣ ከኋላ ያሉት ገና ይጨፍራሉ። አንድ ቃል አይተነፍስም። የዶክተሩ ፉከራ ምን ዋጋ እንዳስከፈለ የገባኝ እዚህ ጋ ነው። ሳንሱር ደግሞ ጉድ ሠራ፦ ውርወራውን ቆርጠው ጭራቁ እጁን ሲዘረጋ ብቻ ተዉት። ለብዙ ዓመት ሰው የባሰ ነገር እንዲያስብ አደረጉት።

ማታ_ማታ፦
ጋሼ፣ ልክ ነዎት፤ እሱ ሰውዬ እኮ ከዚያ በፊት የታየው ለአፍታ ነው። ግን ሰው ሁሉ የዶክተሩ ረዳት የሚለው ኢጎርስ?

ጋሽ ሙሉ፦
ኢጎር ሌላ ጉዳይ ነው። ብዙ ሰው ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ ያለ ይመስለዋል፤ የመጣው ግን በ1939ኙ ተከታይ ፊልም ነው፣ የተጫወተውም ቤላ ሉጎሲ። ሬሳ ሰርቀሃል ተብሎ ተሰቅሎ ሳይሞት የቀረ፣ አንገቱ የተሰበረ። በሕግ ሞቷልና ደግመው ሊሰቅሉት አይችሉም። እሱ ረዳት አይደለም፤ ጭራቁን እየላከ የፈረዱበትን ሰዎች ያስገድላል። የዚያን ፊልም ዶክተር፣ የመጀመሪያውን ዶክተር ልጅ፣ የሚነዳውም እሱ ነው። እዚያው ፊልም ላይ ኢንስፔክተር ክሮግ አለ። ልጅ ሆኖ ጭራቁ ክንዱን ነቅሎበታል። ዳርት ሲጫወት ቀስቶቹን የእንጨት ክንዱ ላይ ሰክቶ ያስቀምጣል። እኔ ከዶክተሩ ይልቅ የምሰማው እሱን ነው።

ቤዛ ኬ፦
ክሮግን እቀበላለሁ። የ1935ቱ ተከታይ ፊልም ላይ ያለችውን የቤት ሠራተኛ ሚኒን ግን ማንም አያስወድደኝም። የተጫወተቻት ኡና ኦኮነር ጎበዝ ተዋናይ ናት፣ ያ ጩኸት ግን ጆሮ ይበጥሳል። ዓይነ ስውሩ መነኩሴ ጭራቁን ዳቦ እያበላ፣ ቫዮሊን እየተጫወተ ቃላት የሚያስተምርበት ፊልም ላይ እሷን ምን አመጣት?

ማታ_ማታ፦
ኧረ ሚኒን አትንኪብኝ! ጭራቁ መትረፉን አይታ ቀድማ የተናገረችው እሷ አይደለችም? ማን ሰማት?