12 መኪና፣ 9 ጭነት፦ የሳይፓይ ድልድል ለምን ይዛባብኛል?

ገላን_ስምሪት ጠየቀ፦

ሰላም ለሁላችሁ። የግንባታ ዕቃ ለሚያጓጉዝ ድርጅት የጠዋቱን ስምሪት በፓይተን ለመደልደል እየሞከርኩ ነው። መኪኖቹ የሚያድሩት ከተማው ዳር ዳር ተበታትነው ነው፦ ሰበታ፣ ቡራዩ፣ ሱሉልታ፣ ለገጣፎ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ገላን። አንድ ጠዋት 12 መኪና አለ እንበል፤ የሚነሳው ጭነት 9 ነው። ለአንድ ጭነት አንድ መኪና፣ ለአንድ መኪና ቢበዛ አንድ ጭነት። መቀነስ የምፈልገው መኪናው ካደረበት እስከሚጭንበት ድረስ ባዶውን የሚሄድበትን ደቂቃ ነው።

እስካሁን ያለው አሠራር ትዕዛዝ በመጣበት ተራ «ቅርብ ያለው ይሂድ» ነው። ሁሉንም አማራጭ እየቆጠሩ መሞከር 79,833,600 ድልድል ስለሚሆን በፓይተን ሉፕ አይታሰብም። ስለዚህ ሳይፓይ (የፓይተን የሒሳብ ላይብረሪ) ውስጥ ያለውን ሊኒየር ሰም አሳይንመንት ያዝኩ፤ የእያንዳንዱን መኪናና ጭነት ደቂቃ የያዘ ሠንጠረዥ (ማትሪክስ) ተቀብሎ ድምሩ ትንሹ የሆነውን ድልድል የሚመርጥ ፈንክሽን ነው።

ችግሩ እዚህ ነው። አሸዋ በገልባጭ ብቻ ነው የሚጫነው፣ 12 ሜትር ፌሮም አጭር አይሱዙ ላይ አይሄድም፤ እነዚህን ቦታዎች 0 ባደርጋቸው ፈንክሽኑ እየመረጠ እነሱኑ ሰጠኝ። ወደ ኢንፊኒቲ ስቀይረው አንዳንድ ቀን ይሠራል፣ አንዳንድ ቀን «ኮስት ማትሪክስ ኢዝ ኢንፊዚብል» ብሎ ይቆማል። በሚሠራበትም ቀን ድምሩ ትክክል ሆኖ ሳለ፣ ዝርዝሩን ሳትመው አንዳንዱ ሾፌር መጫን የማይችለው ዕቃ ደርሶት አገኘዋለሁ። በዚያ ላይ ሦስት መኪና የሚፈልግ ጭነት አለ፤ ቀኑን ሁለት ዙር የሚሠራ መኪናም አለ። እነዚህ እንዴት ነው ማትሪክሱ ውስጥ የሚገቡት?

ረድፍና_ዓምድ መለሰ፦

ከዝርዝሩ ልጀምር፤ ኮድህን ሳላይ መገመት የምችለው እሱን ነው። ፈንክሽኑ የሚመልሰው ሁለት አሬይ (የቁጥር ዝርዝር) ነው፦ የረድፍ ቁጥሮችና የዓምድ ቁጥሮች። መኪናን በረድፍ፣ ጭነትን በዓምድ አድርገህ 12 በ9 ከሰጠኸው የሁለቱም አሬይ ርዝመት 9 ነው፤ ሦስት መኪና ሥራ ፈት ይሆናል። የረድፉ አሬይ ለምሳሌ 0፣ 1፣ 3፣ 4፣ 6፣ 7፣ 8፣ 10፣ 11 ሊሆን ይችላል። የዓምዱን አሬይ ብቻ ይዘህ በኢኑመሬት (ከ0 ጀምሮ ተራ ቁጥር በሚሰጠው የፓይተን ፈንክሽን) ከቆጠርክ የመኪና 3 ድልድል መኪና 2 ላይ ይለጠፋል፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ይንሸራተታል። መኪና 2 እኮ ጭራሽ አልተመደበም ነበር! ድምሩን የምታወጣው ሁለቱንም አሬይ ተጠቅመህ ስለሆነ እሱ ትክክል ይመጣል። ሁለቱን በዚፕ (ጥንድ በጥንድ በሚያጣምረው ፈንክሽን) አጣምረህ ሂድ። ማትሪክሱን ገልብጦ 9 በ12 ማድረግ ስህተቱን ይደብቀዋል፣ ረድፉ ከ0 እስከ 8 ሙሉ ስለሚሆን፤ ጭነት ከመኪና የሚበልጥበት ቀን ግን ተመልሶ ይመጣል።

0 ያደረግካቸው ቦታዎች የተመረጡት ከሁሉም ርካሽ ስለሆኑ ነው። የማይቻለው ኢንፊኒቲ መሆን አለበት፤ ከሳይፓይ 1.4 ጀምሮ ይህ ይፈቀዳል። ናን («ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት) ወይም ኔጋቲቭ ኢንፊኒቲ ከገባ ግን «ኢንቫሊድ ኒውሜሪክ ኢንትሪስ» የሚል ሌላ ኤረር ነው የሚመጣው። ናን ብዙ ጊዜ የሚገባው ከኤክሴል ባዶ ሴል በፓንዳስ (ሠንጠረዥ በሚያነበው የፓይተን ላይብረሪ) በኩል ነው፣ እሱን ቀድመህ ፈትሽ።

«ኢንፊዚብል» ሲልህ ደግሞ እውነቱን ነው። በዚያ ቀን ሦስት የአሸዋ ጭነት ኖሮ ገልባጭ ሁለት ብቻ ከሆነ፣ ሌላው ሁሉ ቢሟላም ሙሉ ድልድል የለም። መኪና 12 ነው፣ ይበቃል ማለት አይቻልም፤ የትኛውንም የጭነት ስብስብ ብትወስድ ሊያነሱት የሚችሉት መኪኖች ከስብስቡ ማነስ የለባቸውም። ፊሊፕ ሆል እ.ኤ.አ. በ1935 ያረጋገጠው ይህንኑ ነው። የፈንክሽኑ ድክመት የቱ ጭነት እንዳሰናከለው አለመናገሩ ነው።

ቢትና_ባይት መለሰ፦

በኢንፊኒቲ ፈንታ 1 ከ18 ዜሮ ጋር አስገባበት፣ ኤረሩ ይጠፋል።

ረድፍና_ዓምድ መለሰ፦

ኤረሩ ይጠፋል፣ መልሱም አብሮ። ሳይፓይ የሚያሰላው በ64 ቢት ፍሎት (ትክክለኝነቱ በተወሰነ የአስርዮሽ ቁጥር) ነው። በዚያ መጠን ላይ አንዱ ሊወከል የሚችል ቁጥር ከቀጣዩ በ128 ይርቃል፤ 45 ደቂቃ ብትደምርበት ያው ነው። አንድ የማይቻል ጥንድ መንገዱ ላይ ከገባ በሌሎቹ መካከል ያለው የደቂቃ ልዩነት ተውጦ ይቀራል። ይባስ ብሎ ፌሮውን ለአጭሩ አይሱዙ ሰጥቶ ዝም ይላል።

ንጹሑ መንገድ የውሸት መኪና መጨመር ነው። የማይቻለውን ኢንፊኒቲ እንደሆነ ተወው፤ ከ12ቱ ረድፍ በታች 9 የውሸት ረድፍ ጨምር፣ ሁሉም ሴላቸው አንድ ዓይነት ቅጣት። ማትሪክሱ 21 በ9 ይሆናል፣ ሁልጊዜም ይፈታል። ቁጥሩ 12 እና ከዚያ በላይ የሆነ ረድፍ የደረሰው ጭነት መኪና ያጣ ነው፤ ለስምሪት ክፍሉ የምትናገረው እሱን ነው።

ቅጣቱ ስንት ይሁን? ትልቁ እውነተኛ ደቂቃ 150 ከሆነ 150 በ9 ማለትም 1,350፣ ከዚያ በላይ ያለ ማንኛውም ቁጥር ይበቃል። ያን ጊዜ ደቂቃ ለመቆጠብ ብሎ ጭነት የሚጥልበት ምክንያት አይኖረውም። ከውጭ መኪና የምትከራዩ ከሆነ ግን ይህን ቁጥር ተወውና ማትሪክሱን በሙሉ በብር ሥራው፤ ቅጣቱ ራሱ የኪራዩ ዋጋ ይሁን። ያኔ «የራሳችንን መኪና ከሱሉልታ እናምጣ ወይስ እንከራይ?» የሚለውን ፈንክሽኑ ይወስንልሃል።

ገላን_ስምሪት መለሰች፦

አመሰግናለሁ። («አንተ» ያላችሁኝ እህታችሁ ነኝ፣ ግድ የለም።) የኢኑመሬቱ ነገር ልክ ነው፣ ኮዱ ላይ የነበረው እሱ ነው። በውሸት ረድፍ ሲሠራ ደግሞ መኪና ያጣው አንድ የአሸዋ ጭነት ሆኖ ተገኘ፤ ገልባጮቹ ሁለት ብቻ ነበሩ።

አሁን የቀረው ሌላ ክርክር ነው። ስምሪት ክፍሉ ውጤቱን አይቶ «ቡራዩ ላለው ጭነት ሰበታ ያለው መኪና ይቀርባል፣ ለምን ሱሉልታው ሄደ?» ይላል።

ከእንጦጦ_ማዶ መለሰ፦

እህቴ፣ ለስምሪት ክፍሉ ሁለት በሁለት ሠንጠረዥ አሳዪያቸው። ሰበታ ያደረው መኪና ለቡራዩ 35 ደቂቃ፣ ለአለም ገና 12 ይፈልጋል እንበል። ሱሉልታ ያደረው ለቡራዩ 40፣ ለአለም ገና 75። የቡራዩ ትዕዛዝ ቀድሞ ከመጣ «ቅርብ ያለው ይሂድ» የሰበታውን ይወስዳል፣ አለም ገና ለሱሉልታው ይቀራል፦ 35 ሲደመር 75፣ 110 ደቂቃ ባዶ ጉዞ። የሱሉልታውን ወደ ቡራዩ ብትልኪ 40 ሲደመር 12፣ 52 ነው። ቡራዩ ላይ 5 ደቂቃ ተከፍሎ አለም ገና ላይ 63 ተረፈ። ይህን በወረቀት ያየ ሰው ሁለተኛ አይከራከርም።

ክርክሩ ግን ሙሉ በሙሉ ከንቱ አይደለም፤ ደቂቃዎቹ ከየት መጡ? በኬንትሮስና ኬክሮስ ቀጥታ መስመር ተለክተው ከሆነ የስምሪት ክፍሉ ሰዎች ከአንቺ ኮድ ይበልጣሉ። ከሱሉልታ ወደ ለገጣፎ ወይም ወደ ቡራዩ ስትለኪ መሐል የእንጦጦ ተራራ አለ፤ መስመሩ በላዩ ያልፋል፣ መኪናው ግን ዞሮ ነው የሚሄደው። የመንገድ ሠንጠረዥ ለማውጣት በኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ላይ የሚሠራው የመንገድ ማስሊያ ፕሮግራም ኦኤስአርኤም «ቴብል» የሚል አገልግሎት አለው፤ 12 መነሻና 9 መድረሻ ሰጥተሽ ሙሉውን ማትሪክስ በአንድ ጥያቄ ትቀበያለሽ። የሚመልሰው በሰከንድ ነው፣ ለ60 አካፍይ። የጠዋቱን መጨናነቅ በራሱ አያውቅም፤ ወደ ከተማ ለሚገባውና ለሚወጣው የተለያየ ማባዣ ስጪ፣ ከሀ ወደ ለ ያለው ከለ ወደ ሀ ካለው ጋር እኩል ነው ብለሽ ማትሪክሱን በግማሽ አትሙዪ። አንድ ወጥመድም አለው፦ ኬንትሮሱን ያስቀድማል። አዲስ አበባ 38.7 ከዚያ 9.0 ነው። ከገለበጥሽው ነጥቡ ሰርዲኒያ ደሴት አጠገብ ሜዲትራኒያን ባሕር ውስጥ ይወድቃል፤ የጫንሽው የኢትዮጵያ ካርታ ብቻ ከሆነ ሁሉም መኪና ጠርዙ ላይ ያለ አንድ መንገድ ላይ ተለጥፎ ሠንጠረዡ ዜሮ በዜሮ ሊሆን ይችላል።

ወጪውን በብር ካደረግሽው ከቱሉ ዲምቱ የሚነሳውን የአዳማ ፈጣን መንገድ የክፍያ ዋጋ መደመር አትርሺ፤ በደቂቃ ብቻ ከታየ ነጻ ይመስላል።

ፈሰስ መለሰ፦

ስለ ሦስት መኪናውና ስለ ሁለት ዙሩ። ላይ ላዩን ይመሳሰላሉ፣ ግን የተለያዩ ናቸው።

ሦስት መኪና የሚፈልግ ጭነት ቀላል ነው፦ ዓምዱን ሦስት ጊዜ ድገሚው። 9 ጭነት 11 ዓምድ ይሆናል፣ መልሱም ትክክለኛ ነው። ሁሉም ጭነት ብዙ መኪና የሚፈልግ ከሆነ ከመድገም ይልቅ ወደ ፈሰስ ሞዴል ሂጂ፦ ኦአር-ቱልስ (የጉግል የድልድልና የመስመር ላይብረሪ) ውስጥ ሲምፕል ሚን ኮስት ፍሎው። ከምንጩ ወደ እያንዳንዱ መኪና አቅም 1፣ ከመኪና ወደሚችለው ጭነት አቅም 1 ከነወጪው፣ ከጭነት ወደ መድረሻው አቅም 3። የማይቻለው ጥንድ መስመር አይሰመርለትም፣ ኢንፊኒቲ የሚባል ጣጣ የለም። እዚያ ወጪው ኢንቲጀር (ሙሉ ቁጥር) መሆን አለበት፤ በ100 አባዝተሽ አጠጋጊ፣ በ«ኢንት» አትቁረጪ። 19.99 በ100 ተባዝቶ በኢንት ሲቆረጥ 1998 ነው የሚሰጠው።

እዚያው ኦአር-ቱልስ ውስጥ ሲምፕል ሊኒየር ሰም አሳይንመንት የሚባል ሌላ አለ፣ ስሙ የሳይፓይን ስለሚመስል ብዙ ሰው ያሳስታል። እሱ ሁለቱ ወገን እኩል እንዲሆኑ ይፈልጋል። 12 ለ9 ከሆነ ወጪያቸው 0 የሆነ ሦስት የውሸት ጭነት ጨምሪ።

ሁለት ዙሩ ግን ድልድል መሆኑ ያከትማል። ረድፉን ሁለት ጊዜ ብትደግሚው ማትሪክሱ መኪናው ለሁለተኛውም ዙር ካደረበት ሰፈር የሚነሳ አድርጎ ያስባል፤ እሱ ግን የሚነሳው የመጀመሪያውን ካራገፈበት ነው፣ ያም ገና አልተወሰነም። በሥራ ላይ የሚያዋጣው ጠዋቱን ለብቻ መፍታት፣ ከሰዓት መኪኖቹ ካራገፉበት ቦታ አዲስ ማትሪክስ ሠርቶ እንደገና መፍታት ነው። የቀኑ ጠቅላላ ውጤት ፍጹም ላይሆን ይችላል። ፍጹሙን ከፈለግሽ ጉዳዩ የመኪና መስመር ቅየሳ ነው፣ ሌላ መሣሪያና ሌላ የሒሳብ ጊዜ ይጠይቃል፤ ለ12 መኪና እኔ አልገባበትም።

ቢትና_ባይት መለሰ፦

እሺ፣ የ18 ዜሮውን ሐሳብ አንስቻለሁ። ግን ይሄ ፈንክሽን ሃንጋሪያን የሚባለው የድልድል ዘዴ አይደል?

ረድፍና_ዓምድ መለሰ፦

ስሙን ይዞታል እንጂ ውስጡ ተቀይሯል። ሃሮልድ ኩን እ.ኤ.አ. በ1955 ሲያወጣው የሃንጋሪዎቹን የኮኒግንና የኤገርቫሪን ሥራ መሠረት ስላደረገ ነው እንዲያ የሰየመው። ሳይፓይ ከ1.4 ወዲህ የሚጠቀመው የተሻሻለውን የጆንከር-ቮልጌናንት ዘዴ ነው፣ በሲ ፕላስ ፕላስ የተጻፈ፣ ከበፊቱ እጅግ የፈጠነ። በአንቺ መጠን ከሁለቱ የትኛውም ቢሆን ዓይን ሳይርገበገብ ይጨርሳል።

የስፓርስ (አብዛኛው ሴል ባዶ ለሆነ ማትሪክስ የሚሆነውን) ሥሪቱንም ከወዲሁ እንዳታስቢው። «ሚን ዌይት ፉል ባይፓርታይት ማቺንግ» ለሺዎች ረድፍና ለጥቂት ሊሆኑ ለሚችሉ ጥንዶች ነው፤ በዚያ ላይ 0ን «መስመር የለም» ብሎ ያነበዋል። መኪናው የሚጭንበት በር ላይ ካደረና ደቂቃው 0 ከሆነ ምርጡ ጥንድ ይጠፋል ማለት ነው። የግድ ከሆነ ለሁሉም 1 ደምሪ፤ የጥንዶቹ ብዛት ስለማይለወጥ ምርጫው አይዛባም።

ገላን_ስምሪት መለሰች፦

ዓምዱን ደግሜ ሠራሁት፣ ሄደልኝ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሁሉም ጭነት ከጠዋቱ 2 ሰዓት በፊት መነሳት አለበት። ድምሩ ትንሽ ሆኖ አንዱ ብቻ 95 ደቂቃ የሚሄድበት ቀን ይመጣል።

ፈሰስ መለሰ፦

ፈንክሽኑ የሚያየው ድምርን ብቻ ነው፤ 95ቱን ሌሎቹ ካካሱለት ደስተኛ ነው። በሁለት እርምጃ ፍቺው። መጀመሪያ ማትሪክሱ ውስጥ ያሉትን ደቂቃዎች ከትንሽ ወደ ትልቅ ደርድሪ። መሐሉን ያዢ፤ ከሱ የሚበልጠውን ሁሉ ከልክለሽ ሙሉ ድልድል መኖሩን በማክሲመም ባይፓርታይት ማቺንግ (ወጪን ሳያይ ብዙ ጥንድ በሚያገኘው የሳይፓይ ፈንክሽን) ጠይቂ። እዚያም 0 «መስመር የለም» ስለሆነ የተፈቀደውን 1፣ የተከለከለውን 0 ያደረገ የስፓርስ ማትሪክስ ስጪው። ሙሉ ድልድል ካለ ወደ ታች፣ ከሌለ ወደ ላይ። 12 በ9 ማለት 108 ቁጥር ስለሆነ በ7 ጥያቄ ያልቃል። ያገኘሽው ቁጥር፣ 60 ደቂቃ እንበል፣ ከዚያ በታች ማውረድ የማይቻለው የመጨረሻ ጣሪያ ነው። ቀጥሎ ከ60 የሚበልጠውን ኢንፊኒቲ አድርጊና የተለመደውን ፈንክሽን አስኪጂ፤ ጣሪያውን ሳያልፍ ድምሩን ያሳንሳል። ደቂቃውን በራሱ አባዝቶ ማስገባት የሚመክሩ አሉ፤ ረጅሙን ጉዞ ይቀጣል፣ ግን ምንም ዋስትና አይሰጥም።

ከእንጦጦ_ማዶ መለሰ፦

ለደንበኛ በስም የተያዘ መኪና ካለ በኔጋቲቭ ቁጥር ለማስገደድ አትሞክሪ፤ ረድፉንና ዓምዱን አውጥተሽ የቀረውን ፍቺ። የወጡትን ቁጥሮች ግን በዝርዝር ያዢ፣ አለዚያ ያ የኢንዴክስ መንሸራተት በሌላ በር ይገባል።

ሥራ ላይ ከማዋልሽ በፊትም 6 በ5 የሆኑ የዘፈቀደ ማትሪክሶችን አንዳንዱ ሴል ኢንፊኒቲ ሆኖ ፍጠሪና የኮድሽን መልስ ሁሉንም አማራጭ ከሚቆጥር ሉፕ ጋር አወዳድሪ፤ በአንዱ ማትሪክስ 720 አማራጭ ብቻ ነው። ድምሩን ብቻ አታወዳድሪ፤ ከታተመው ዝርዝር ላይ የመኪናና የጭነት ስሞችን መልሰሽ እያነበብሽ ድምሩን እንደገና አስሊው።