ራስ ደጀን በታኅሣሥ፦ ጫማ፣ ስሊፒንግ ባግና ካሜራ

ሰብለ_ዘእንጦጦ

ሰላም ለቤቱ። በታኅሣሥ አጋማሽ አራት ሆነን ከደባርቅ ተነስተን ራስ ደጀን ለመውጣት አስበናል። እንጦጦና ወንጪ አዘውትረን እንሄዳለን፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ግን አንዳችንም አድረን አናውቅም። ዕቅዱ እንዲህ ነው፦ አንደኛው ሌሊት ሳንቃበር፣ ሁለተኛው ግጭ፣ ሦስተኛው ጨነቅ፣ አራተኛውና አምስተኛው አምቢቆ፤ በስድስተኛው ቀን ወደ ጨነቅ ተመልሰን በዚያው ዕለት በመኪና ጎንደር መግባት።

የምጠይቃችሁ፦ ከመርካቶ የገዛሁት ሰልባጅ ቡት አለኝ፤ ቆዳው ደህና ነው፣ ሶሉም ብዙ አልተበላም፤ ያስኬደኛል? ስሊፒንግ ባጌ ላይ 5 ዲግሪ ተብሎ ተጽፏል፤ ይበቃል? ካሜራው ፉል ፍሬም ነው፤ ከ24–105 ኤፍ 4 እና ከ100–400 ሌንስ ጋር፣ ሁለት ባትሪና ትራይፖድ አለኝ። ዋልያ፣ ጭላዳና የሌሊት ሰማይ ማንሳት እፈልጋለሁ። አናቱ ላይ ገመድ ያስፈልጋል የሚል ሰውም አጋጥሞኛል፤ እውነት ነው?

ገደል_ዳር

ገመድ አያስፈልግም። አናቱ ላይ ያለው ዓለት በእጅ እየያዙ የሚወጡት ጥቂት ሜትር ነው። ጠዋት ውርጭ ሲይዘው ስለሚያዳልጥ መዳፉ ላይ ጎማ ያለው ጓንት ያዙ። በነገራችን ላይ በድሮ ካርታዎች 4,620 ሜትር ተብሎ ስለምታገኙት ግራ አትጋቡ፤ በኋላ የተለካው 4,533 ወይም 4,550 ነው የሚለው።

እኔን ያሳሰበኝ ስድስተኛው ቀናችሁ ነው። ጨነቅ 3,620 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከዚያ የቧሒትን ማለፊያ 4,200 ሜትር ላይ ትሻገራላችሁ፤ ከማለፊያው እስከ መሸሃ ወንዝ፣ እስከ 2,800 ሜትር፣ ቁልቁል ነው፤ ከወንዙ ደግሞ እስከ አምቢቆ፣ 3,200 ሜትር፣ አቀበት። እንግዲህ በመልሱ ቀን ያንን 1,400 ሜትር በአንድ ጊዜ ትወጡታላችሁ፤ ያውም ከ1,300 ሜትር በላይ ወጥታችሁ በወረዳችሁ ማግስት። ሰው ሁሉ የራስ ደጀንን ቀን ይፈራል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ግን የመልሱ ቀን ነው። በዚያ ድካም ላይ ደግሞ የገደል መንገድ በጨለማ በመኪና መሄድ ተገቢ አይደለም። ጨነቅ እደሩና ሰባት ቀን አድርጉት። ቀን ከሌላችሁ መኪናው ጨነቅ ከሚጠብቃችሁ ማለፊያው ድረስ ወጥቶ ይቀበላችሁ፤ የመኪናው መንገድ በዚያ ያልፋል። ቢያንስ የመጨረሻውን ቁልቁለት ከጉልበታችሁ ላይ ያነሳላችኋል።

ስለ ከፍታው ደግሞ፦ የማደሪያዎቹ ቅደም ተከተል ጥሩ ነው። ሳንቃበር 3,250፣ ግጭ 3,600፣ ጨነቅም ከግጭ እኩል ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የማደሪያ ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨመር የሚባለውን አልተላለፋችሁም፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ላይ መሆኗም ያግዛችኋል። ችግሩ ያለው አምቢቆ ላይ ነው። በሌላ ተራራ ላይ የከፍታ ሕመም የጀመረውን ሰው ይዞ መውረድ ነው። ከአምቢቆ ግን በተለመደው መንገድ ወደ ደባርቅ ለመመለስ በእግርም ሆነ በመኪና ያንኑ 4,200 መሻገር ግድ ነው። ስለዚህ ውሳኔው ጨነቅ ላይ ይሁን። ጨነቅ አድሮ ራስ ምታቱ ያልለቀቀው፣ ምግብ ያስጠላው፣ የሚያጥወለውለው ሰው ካለ ማለፊያውን አይሻገር። የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያገጣጠመ ቀጥ ብሎ መራመድ ካቃተው፣ ወይም ቁጭ ብሎ እያለ ካለከለከው፣ ሌሊትም ቢሆን ይዛችሁት ውረዱ፤ ጠዋት አይጠበቅም።

ውርጭ_ማለዳ

ስለ ጫማሽ ልምጣ። ሰልባጅ ቡት ላይ ሁሉም ሰው ቆዳውንና ጎማውን ያያል፤ የሚሞተው ግን በሁለቱ መሃል ያለው ስፖንጅ መሳይ ነገር ነው። ብዙ ቡቶች ላይ ይህ ከፖሊዩሪቴን የተሠራ ነው፤ የአየር እርጥበት ዓመት በዓመት ይበላዋል። ባይደረግም ይበላዋል፤ እንዲያውም ሳይደረግ መጋዘን የቆየ ይብሳል። ሲታይ አዲስ የሚመስል ጫማ በሁለተኛው ቀን ሶሉ ሙሉ በሙሉ ተገንጥሎ የሚወድቀው በዚህ ነው።

መፈተሻው ቀላል ነው። የሶሉን ጎን በአውራ ጣት ጥፍር አጥብቀሽ ተጫኚው። ደህና ከሆነ ይመለሳል። ጥፍርሽ ሰርጉዶ ከቀረ፣ ዱቄት ከረገፈ፣ ወይም ጫማውን ስታጥፊው እንደ ደረቀ ጭቃ የተሰነጣጠቀ መስመር ካየሽ ይዘሽው አትሂጂ። ምላሱ ውስጥ ባለው ጨርቅ ላይ የተመረተበት ዓመት ታትሞ ከሆነ አንብቢ፤ አሥር ዓመት ካለፈው መልኩ አያታልልሽ። ማጣበቂያም አያድነውም፤ ማስቲሹ የሚይዘው እየፈረሰ ያለውን ስፖንጅ ስለሆነ አብሮ ይላቀቃል። ፈተናውን ካለፈ ከጉዞው በፊት የምትይዢውን ሸክም ተሸክመሽ እንጦጦ ላይ ቢያንስ ሦስት ረጅም ቀን ሂጂበት። ለማንኛውም ሲባጎና ሰፊ የጨርቅ ፕላስተር ያዙ፤ የተገነጠለ ሶል ከላይ እስከ ታች ተጠፍሮ ጨነቅ ያደርሳል።

ልኩ ደግሞ እንዲህ ይታያል፦ ወፍራም ካልሲ አድርገሽ፣ ክሩን ሳታስሪ እግርሽን እስከ ፊት ግፊው፤ ከተረከዝሽ ኋላ አንድ ጣት መግባት አለበት። ካልገባ ወደ መሸሃ በሚወርደው ቁልቁለት የአውራ ጣትሽ ጥፍር ይጠቁራል። ጥፍራችሁን ከመነሳታችሁ ሁለት ቀን ቀደም ብላችሁ ቁረጡ። ቁልቁለት ላይ ክሩን ቁርጭምጭሚት ላይ አጥብቁ፣ አቀበት ላይ አላሉት። ከዘራም ይሁን የሚታጠፍ ዱላ በሁለት እጅ መያዝ ለጉልበት ትልቅ ነገር ነው።

ስሊፒንግ ባጉ አይበቃም። 5 ዲግሪ የተባለው የትኛው ቁጥር እንደሆነ መጀመሪያ እዪ። በአውሮፓው ደረጃ የተለካ ባግ ሦስት ቁጥር አለው፦ ኮምፎርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም። ኮምፎርት የሚለካው ለሴት ነው፤ አንቺ ማየት ያለብሽ እሱን ነው። ኤክስትሪም በሕይወት የሚያሳድር እንጂ የሚያስተኛ አይደለም፤ ሻጭ ግን ደምቆ የተጻፈውን እሱን ነው የሚያሳየው። ግጭና ጨነቅ ላይ በታኅሣሥ ሌሊት ከዜሮ በታች ይወርዳል፤ ጓሳው ንጋት ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል። ኮምፎርቱ ከዜሮ በታች 5 የሆነ ተዋሺ ወይም ተከራዪ።

ካልተገኘ ጋቢ ያግዛል፤ አጠቃቀሙ ግን አለው። ባጉ ጠባብ ከሆነ ጋቢውን ውስጥ አትጠቅጥቂው፤ የባጉን ሙሌት ሲጨፈልቀው ሙቀቱ ይቀንሳል። ከላይ ደርቢው። ጥጥ ላብ ስለሚይዝ ቀን ለብሰሽው የዋልሽውን ሌሊት አትጠቀሚ። ከላዩ ይልቅ ግን ከሥርሽ ያለው ይበልጣል፤ መሬቱ ነው ሙቀት የሚጠጣው። የፍራሽ ሙቀት መያዣ ልኬት አር ቫሊው ይባላል፤ ለዚህ ጉዞ 4 ይበቃል። ሁለት ፍራሽ ሲደረብ ቁጥሩ ይደመራል፤ 2 የሆነ ስፖንጅ ሁለት ብትደርቢ 4 አገኘሽ።

አንድ የሚረሳ ነገር፦ የውኃ ማጣሪያ ይዛችሁ ከሆነ ሌሊት ባግ ውስጥ ይዛችሁት ተኙ። በቀጫጭን ቱቦዎች የሚያጣራው ዓይነት አንዴ ውኃ ካለፈበት በኋላ ከበረደ ቱቦዎቹ ይሰነጠቃሉ። ጠዋት እንደ ድሮው ውኃ ያሳልፋል፤ ተበላሽቶ እንደሆነ በዓይን አይለይም። ከተጠራጠራችሁ አፍሉ፤ በዚያ ከፍታ ሦስት ደቂቃ ይንተክተክ።

ጭላዳ_በሌንስ

ሁለት ባትሪ አይበቃሽም። ሳንቃበርን ካለፍሽ ኤሌክትሪክ አለ ብለሽ አታስቢ። አራት ባትሪና 20,000 ሚሊ አምፒር አወር ፓወር ባንክ ያዢ። ይህ ፓወር ባንክ 74 ዋት አወር ነው፤ የሚባክነውን ቀንሰሽ 50 ያህል ቀረ፤ የካሜራሽ ባትሪ 16 ዋት አወር ከሆነ ሦስት ጊዜ ይሞላል። ለአውሮፕላንም ከ100 ዋት አወር በታች ስለሆነ ችግር የለውም፤ በእጅ ሻንጣ ግን ይሁን። ባትሪ በብርድ አቅሙ ይወርዳል፤ የሚጠብቀውን ከውስጠኛው ልብስሽ ኪስ አድርጊ፣ ሌሊት ባግ ውስጥ ይደር። ከዜሮ በታች እያለ አትሙዪው፤ ባትሪውን ይጎዳዋል። ማታ ድንኳን ውስጥ ሳይበርድ ሙዪው።

ብርሃኑ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተውን ልንገርሽ። የስሜን ትልቁ ገደል ፊቱን ወደ ሰሜን ነው የሰጠው። በታኅሣሥ ፀሐይ ወጥታ እስክትጠልቅ በደቡብ በኩል ነው የምትሄደው፤ ስለዚህ ግጭ አጠገብ ያለው እሜት ጎጎ ጫፍ ላይ ቆመሽ የምታዪው ግድግዳ ቀኑን ሙሉ ጥላ ነው። ብርሃን የሚያገኙት ወደ ፊት የወጡት ክንፎች የምሥራቅና የምዕራብ ጎናቸው ብቻ ነው፤ እሱም ፀሐይ ከወጣች በኋላ ባለው አንድ ሰዓትና ከመጥለቋ በፊት ባለው። ከሰማዩ ጋር ያለው ልዩነት ትልቅ ስለሆነ በሮው (ካሜራው ሳያቀነባብር በሚያስቀምጠው ጥሬ ፋይል) አንሺ፤ ሦስት ፍሬም በሁለት ስቶፕ ልዩነት ውሰጂ (አንድ ስቶፕ ማለት ብርሃኑን እጥፍ ወይም ግማሽ ማድረግ ነው)። ፖላራይዘር (ነጸብራቅ የሚቀንስና ሰማይን የሚያጠቁር የሌንስ ማጣሪያ) በ24 ሚ.ሜ አትጠቀሚ፤ በዚያ ከፍታ ሰማዩ ራሱ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ ፖላራይዘሩ አንዱን ጥግ ከሌላው አስበልጦ ያጠቁረዋል።

ጭላዳ ሌሊቱን ገደል ላይ ነው የሚያድረው፤ ፀሐይ ሲሞቀው ወደ ሜዳው ይወጣል። ከጠዋቱ 2 እስከ 3 ሰዓት ሳር ሲነጩ ታገኛቸዋለሽ። አትከተያቸው። ፀሐይ ከኋላቸው እንድትሆን ቀድመሽ ቁጭ በዪና ካሜራውን ወደ መሬት አውርጂ፤ ጎፈሩ ዙሪያውን ያበራል። ፊታቸው ጥቁር ስለሆነ ሰማይ ጀርባ ከገባ አንድ ስቶፕ ጨምሪ። ምግብ ማሳየት ፈጽሞ አይገባም።

ለዋልያ ጨነቅ ነው፤ በጠዋት ወይም ከ10 ሰዓት በኋላ፣ በ400 ሚ.ሜ፣ ሸተሩ (የካሜራው መዝጊያ ፍጥነት) ከ1/800 ሰከንድ ሳይወርድ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ መሬቱ ሲሞቅ አየሩ ይርገበገባል፤ ያኔ በሩቅ የተነሳ ፎቶ ፎከሱ ትክክል ሆኖ ሳለ የላላ ይመስላል። ያ የሌንስሽ ጥፋት አይደለም፤ መቅረብ ወይም መጠበቅ ብቻ ነው መፍትሔው።

የሌሊቱ ሰማይ፦ በታኅሣሥ የፍኖተ ሐሊብ ደማቁ እምብርት ከፀሐይ ጋር ስለሆነ አይታይም፤ ለእሱ ከየካቲት በኋላ ሊነጋጋ ሲል ነው። ግን ሌላ ነገር አለሽ። ስሜን 13 ዲግሪ ሰሜን ላይ ስለሆነ የሰሜን ኮከብ ከአድማሱ 13 ዲግሪ ብቻ ነው ከፍ የሚለው፤ ክንድሽን ዘርግተሽ አንድ ጡጫና ሁለት ጣት። ገደሉም ወደ ሰሜን ስለሚያይ የከዋክብቱ ክብ በቀጥታ ከገደሉ በላይ ይሽከረከርልሻል። የነጠላ ፎቶ ሸተር 300ን ለሌንሱ ሚ.ሜ አካፍዪ፤ በ24 ሚ.ሜ 12 ሰከንድ። በኤፍ 4 አይ.ኤስ.ኦ (የካሜራው የብርሃን ስሜት መጠን) 6400 ያስፈልግሻል። ኤፍ 1.8 የሆነ 20 ሚ.ሜ ብትዋሺ አምስት እጥፍ ብርሃን ታገኛለሽ። ፎከሱን ደማቅ ኮከብ አጉልተሽ በእጅ አስተካክዪና ቀለበቱን በፕላስተር እሰሪው።

ካሜራው በርዶ ወደ ሞቀ ክፍል ከመግባትሽ በፊት በላስቲክ ጠቅልለሽ አፉን እሰሪ፤ ጤዛው ላስቲኩ ላይ ይቀራል። ድሮን ያለ ፈቃድ አይሞከርም፤ ቤት ተዪው።

ሰብለ_ዘእንጦጦ

በጣም አመሰግናለሁ። ጫማውን ተጫንኩት፤ የግራው የጥፍሬን ምልክት ይዞ ቀረ፣ ስለዚህ ሌላ እፈልጋለሁ። ጉዞውንም ሰባት ቀን አድርገነዋል። ሁለት ነገር ቀረኝ፦ ለከፍታ የሚወሰደው ኪኒን ያስፈልገናል? ትንሽ የጋዝ ምድጃስ ይዘን እንሂድ?

ገደል_ዳር

ኪኒኑ አሴታዞላማይድ ነው፤ ለመከላከል የሚታዘዘው 125 ሚሊግራም ጠዋትና ማታ፣ ከመውጣቱ አንድ ቀን ቀድሞ ተጀምሮ ነው። እንደ እናንተ ባለ ቀስ ያለ አወጣጥ ለሁሉም ሰው ግድ አይደለም። ሰልፋ ለሚባሉት መድኃኒቶች አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪም ሳያይ አይንካው። ጣት ላይ መጠዝጠዝና ሽንት ማብዛት የተለመደ ነው።

ደባርቅ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ጋ ከመነሳታችሁ በፊት ደውላችሁ የመንገዱንና የአካባቢውን ጸጥታ ጠይቁ። ስካውት (የፓርኩ ጠባቂ) መያዝ ግዴታ ነው፤ እሱና በቅሎ ነጂው ብዙ ጊዜ በጋቢ ብቻ ነው የሚያድሩት፣ ሁለት ብርድ ልብስ ተጨማሪ ጫኑላቸው።

ውርጭ_ማለዳ

በአውሮፕላን ጎንደር የምትገቡ ከሆነ የጋዝ ቆርቆሮ በእጅም በሻንጣም አይፈቀድም። በመኪና ከሆነ ደግሞ ቆርቆሮው ላይ ምን እንደተጻፈ እዩ፤ ንጹሕ ቡቴን ዜሮ ዲግሪ ሲቃረብ ግፊቱ ይደክማል፣ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ለራስ ደጀን ስትነሱ ሻይ ላያፈላላችሁ ይችላል። አይሶቡቴንና ፕሮፔን የተቀላቀለበት ይሠራል። ከአብሳይ ጋር ከሄዳችሁ በኬሮሲን ነው የሚሠሩት፤ የግፊት ድስት እንዲይዝ ንገሩት። ጨነቅ ላይ ውኃ 88 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚፈላ ምስር በተራ ድስት ቶሎ አይበስልም።

ጭላዳ_በሌንስ

ካሜራውንና ሌንሶቹን በቅሎ ላይ አትጫኚ። በቅሎ ማረፊያ ላይ ጀርባዋን ሲበላት ጭነቱ ሳይወርድ ትንከባለላለች። በራስሽ ጀርባ ይሁን፤ በቅሎዋ ላይ ትራይፖዱ ብቻ፣ እሱም ከፍራሹ ውስጥ ተጠቅልሎ።