«ለፈተና አጥኑት፣ ግን አትመኑት»

ከዚራ፦ ሰላም ድሬዎች። የእህቴ ልጅ የባዮሎጂ መምህር ዝግመተ ለውጥን አስተምሮ ሲጨርስ «ለፈተና አጥኑት፣ ግን አትመኑት» ብሏቸዋል። ቤታችን ካቶሊክ ነው። ልጁ እራት ላይ «ውሸት ከሆነ ለምን ጻፍ ይሉኛል?» ሲለኝ ጉርሻው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ምን ልበለው?

ሳቢያን፦ መምህሩ ልክ ነው አቦ። ሰው ከዝንጀሮ መጣ ካልክ አዳም የት ገባ?

ለገሃሬ፦ ከዝንጀሮ መጣ ያለ የለም። ሰውና ቺምፓንዚ የጋራ ቅድመ አያት አላቸው ነው የሚባለው። ቤተ ክርስቲያኗም አልከለከለችም። የሮም ጳጳስ ፒዮስ 12ኛ እ.ኤ.አ. በ1950 ሥጋችን ከቀደመ ሕያው ነገር መጣ የሚለውን መመርመር ይቻላል፣ ነፍስን ግን የሚፈጥራት እግዚአብሔር ራሱ ነው አሉ። ከእሳቸው በኋላ የመጡት ጳጳስ ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ዝግመተ ለውጥን ጭራሽ «ከመላምት በላይ ነው» ብለዋል።

ሳቢያን፦ ያው የ1950ው ጽሑፍ የሰው ዘር ከብዙ ወላጆች ተነሳ የሚለውን ምእመን ሊቀበለው አይችልም ይላል። እሱን ዘለልከው። የጄኔቲክስ ሰዎች ደግሞ በሺዎች ነበርን ይላሉ። የአዳም ኃጢአትስ እንዴት ደረሰን? እስቲ አስታርቃቸው።

ለገሃሬ፦ እሱ ላይ ያዝከኝ። የነገረ መለኮት ሰዎችም ገና ይጨቃጨቁበታል።

ገንደ ቆሬ፦ ኧረ ሮም ድረስ ምን አስኬዳችሁ? እዚሁ ድሬዳዋ ከደቻቱ ወንዝ በላይ ገደሉ ላይ ያለውን የፖርክ ኤፒክ ዋሻ ረሳችሁት? ስሙ በፈረንሳይኛ ጃርት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 ከፈረንሳዊው ጀብደኛ ሞንፍሬድ ጋር ያገኘው ቴያር ደ ሻርዳን የኢየሱሳውያን ካህን ነበር። በ1933 የቆፈረው አንሪ ብሬይም ካህን ነው። የጥንት ሰው መንጋጋ ቁራጭ ወጥቶበታል። 40 ኪሎ ገደማ ቀይ የቀለም አፈርም ተገኝቶበታል። ያን ሁሉ ተሸክሞ ገደል የወጣ ሰው እኮ የሆነ ነገር ሊያስውብ ፈልጎ ነው።

ሳቢያን፦ እህቴ፣ ግማሹን ብቻ አወራሽ። ሻርዳንን እኮ በሕይወቱ እያለ ሃይማኖት ነክ መጻሕፍቱን እንዳያሳትም ከለከሉት። ከሞተ በኋላም በ1962 ቫቲካን ጽሑፎቹ ላይ ማስጠንቀቂያ አወጣች።

ገንደ ቆሬ፦ እውነት ነው፣ አልክድም። እሱ ግን ከልክለውትም ቅስናውን አልተወም፤ አጥንት መቆፈሩንም አልተወም።

ከዚራ፦ በቃ፣ ቅዳሜ ልጁን ዋሻው ጋ ይዤው እወጣለሁ።

ሳቢያን፦ በጠዋት ውጡ፣ ፀሐዩ አይቻልም። መምህሩንም ይዛችሁት ሂዱ።