የአጎቴ አሮጌ ፊያት፦ አንዱ ደላላ "ብረት ናት"፣ ሌላው "ፌራሪ ናት" ይለኛል

የሐረጎ ልጅ (ኮምቦልቻ)

ሰላም ጀመዓ። እስቲ አንድ ነገር ላማክራችሁ።

አጎቴ አምና አረፉ፣ አላህ ይዘንላቸው። ልጅ አልነበራቸውም። ቤቱም ግቢውም ለእናቴና ለሁለቱ አክስቶቼ ደረሰ። ከማድ ቤቱ ጀርባ ሸራ ለብሳ የቆመች አንዲት ፊያት አለች። ሁለት ሰው የምትይዝ ናት፤ ጣሪያዋ ጨርቅ ነው፣ ወደ ኋላ ይታጠፋል። ድሮ ነጭ ነበረች አሉ። አሁን የአክስቴ ዶሮዎች ያድሩባታል፣ ቀለሟን እናንተው ገምቱት።

አጎቴ አስመራ ላይ ከአንድ ጣሊያን ነው የገዟት። ሊብሬዋ ላይ የተሠራችበት ዓመት 1964 ይላል፣ በፈረንጅ። ሐረጎን ሲወርዱ ድምጿ ከሩቅ ይለይ ነበር ይላሉ ትልልቆቹ። እኔ እንኳ ስትሄድ አልደረስኩም። መሪዋን ይዘን "አሰብ ገባን" እያልን መጫወት ነው የማስታውሰው።

አንዱ ደላላ መጥቶ ጎማዋን በእግሩ መታ መታ አደረገና "ብረት ናት፣ 120 ሺህ" አለኝ። ሌላው ከአዲስ አበባ ፎቶ አይቶ "ፒኒንፋሪና ከተጻፈባት ፌራሪ ማለት ናት፣ ለማንም እንዳታሳያት" አለ። በርግጥ ጎኗ ላይ ፒኒንፋሪና የሚል አለ፣ በአንድ ቃል። ከፊት ከትልልቆቹ መብራቶች ሌላ ፍርግርጉ ጫፍና ጫፍ ላይ ሁለት ትንንሽ መብራቶች አሏት።

ጋራዥ ያለው ጓደኛዬ ቀይ ቀብተን እንሽጣት እያለኝ ነው። ምን ትላላችሁ?

ቦርከና

ቀይ ቀብተህ የፌራሪን ፈረስ ለጥፍባት። ዶሮዎቹን ግን አስቀድመህ አስወርድ።

ቶርኖ ቤት (ደሴ)

ልጄ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ አንተ ልበልህ። ቀለሙን ተወው። በስቱኮ የተሞላ ቦዲ ያየ ገዢ ከሥሩ ዝገት አለ ብሎ ነው የሚጠረጥረው፣ ደግሞም አይሳሳትም። እንዳለች ትቆይ።

ፌራሪ አይደለችም። ፒኒንፋሪና ቱሪን ያለ ቦዲ ሠሪ ነው። ባቲስታ ፋሪና በ1930 ከፈተው (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው)። "ፒኒን" የቤት ስሙ ነበር፣ ትንሹ እንደማለት። በ1961 ሁለቱ ስሞች በሕግ ተጣበቁ። ስለዚህ በአንድ ቃል መጻፉ ከሊብሬህ ጋር ይስማማል። ለፌራሪም ሰፍቷል፣ ለፊያትም ሰፍቷል። ልብስ ሰፊያቸው አንድ ነው ብለህ ባለሱቁንና ሚኒስትሩን አንድ ታደርጋለህ?

እኔን እንቅልፍ የነሱኝ እነዚያ ትንንሽ መብራቶች ናቸው።

ይቺ መኪና በ1959 1200 ተብላ ወጣች፣ በኋላ ተራዋ 1500 መጣች። ግን በዚያው ልብስ ሌላ ሞተር የገባላት አለች። የማዜራቲ ወንድማማቾችን ስማቸውን ሰምተህ ይሆናል። ድርጅታቸውን በ1937 ለኦርሲ ቤተሰብ ሸጡ፤ በገዛ ስማቸው ቤት ውስጥ አሥር ዓመት ተቀጥረው ሠሩ። በ1947 ወጥተው ቦሎኛ አጠገብ ኦስካ የሚባል ትንሽ ፋብሪካ አቆሙ። በ1954 አሜሪካ ውስጥ ሲብሪንግ የ12 ሰዓት ውድድር ላይ ስተርሊንግ ሞስና ቢል ሎይድ በአንዲት ሚጢጢ ኦስካ ትልልቆቹን ጥለው አንደኛ ወጡ። ፊያት ከኦስካ ጋር ተስማማና ሞተሩን በራሱ ፋብሪካ አመረተው። መጀመሪያ 1,491 ሲሲ ነበር፤ ከ1962 ጀምሮ 1,568 ሲሲ፣ 90 የፈረስ ጉልበት ሆነ። 1600 ኤስ የሚሏት ይቺ ናት። ፍርግርጓ ላይ ትርፍ መብራት ያላትም እሷው ናት።

ተራዋ 1500 አንድ አልቤሮካም (የሞተሩን መተንፈሻ በሮች፣ ባልቦላዎቹን፣ የሚያስከፍተው ተሽከርካሪ ዘንግ) አላት፣ እሱም ታች ብሎኩ ውስጥ ነው፤ ባልቦላውን በዘንግ ነው የሚገፋው። የኦስካው ሁለት አልቤሮካም አለው፣ ሁለቱም ላይ፣ ቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ላይ። ስለዚህ ኮፈኑን ክፈት። ሁለት ረዣዥም ክዳኖች ጎን ለጎን ካየህ ቶሎ ጻፍልኝ። በወጣትነቴ እንዲህ ያለች አንዲት ከአሰብ ወጥታ እኛ ጋ መጥታ ነበር። እዚህ አየሩ ስስ ነው፣ ካርቡራተሩ የተቃኘው ለባሕር ዳር ነው፤ ጥቁር ጭስ ትተፋለች። ሁለት ቀን ታገልናት። ስትነሳ ግን የጋራዡ ሰው ሁሉ ቁልፉን ጥሎ ወጣ።

የሐረጎ ልጅ

ጋሼ፣ አላህ ይስጥልኝ። ዛሬ ከፈትኩት። ክዳኑ አንድ ነው። አለቀ በቃ?

ቶርኖ ቤት

ምኑ ያልቃል? የኋላ ጎማ ፍታና ፍሬኑን እይልኝ። ታምቡር ነው ዲስክ?

የሐረጎ ልጅ

ዲስክ። በአራቱም ጎማ። አንዱን ብሎን ለመፍታት ብቻ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ።

ቶርኖ ቤት

የተራዋ 1500 የኋላ ፍሬን ታምቡር ነው። እንግዲያው መኪናዋ 1600 ኤስ ናት፣ ሞተሩ የሰው ነው። ያኔ ዕቃ ሲጠፋ ከተራዋ 1500 ሞተር አውጥቶ መግጠም የተለመደ ነበር። እኔም ብሆን አደርገው ነበር፣ ባለመኪናው ሥራ አለበት። አሁን ሊብሬው ላይ ያለውን የሞተር ቁጥር በላይዋ ካለው ጋር አስተያይ። ኮፈኑ ስር ያለችውን ትንሽ ሰሌዳም አንብብ፣ የሞተሩ ዓይነት እዚያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ትልልቆቹን ጠይቅ። የዚያ ዘመን ሰው ብረት አይጥልም።

ሰኞ ገበያ ዳር

ወንድሜ፣ ስለ ሞተር አላውቅም፣ ስለ ውርስ ግን ተቃጥያለሁ። ወራሾቹ ሦስት ናቸው ብለሃል። የወራሽነት ማስረጃ ከፍርድ ቤት ሳታወጡ ስም አይዛወርም። ሦስቱም ይፈርሙ፣ ካልሆነም ውክልና ይስጡህ። እኛ የአባቴን መኪና ስንሸጥ ቀብድ ተቀብለን፣ ቀብዱንም በልተን ከጨረስን በኋላ አንዷ አክስቴ "የወንድሜን ዕቃ አልሸጥም" ብላ ቁጭ አለች። ቀብዱን በዕጥፍ መለስን። ደላላ ከመጥራትህ በፊት ቡና አፍልተህ አክስቶችህን ሰብስብ።

የሐረጎ ልጅ

እህቴ አመሰግናለሁ፣ የኔዎቹም ከዚያ አይለዩም።

ጋሼ፣ እንዳሉት ሆነ። የሊብሬው ቁጥርና ሞተሩ ላይ ያለው አይገናኙም። ትልቋን አክስቴን ጠየቅኳት። "ያ የወንድሜ ሌላው ብረትማ እንጨት ቤት ነው" አለችኝ፣ ዛሬ ገና የተጠየቀች ያህል። ሄድን። ከማገዶው ሥር በጆንያ ተጠቅልሎ በገመድ ታስሯል። አጎቴ በእጃቸው ነው ያሰሩት፣ ቋጠሮው የሳቸው ነው። ፈታነው። ቁጥሩን በጋዝ ጠርጌ አነበብኩት። ከሊብሬው ጋር አንድ ነው። ሦስቴ ነው ያነበብኩት።

ቴስታታውም አለ። ግን ላዩ ላይ ያለው ክዳን አንድ ብቻ ነው። የሌላው ቦታ ክፍት ነው፣ አቧራ ሞልቶበታል። እንጨት ቤቱን ሙሉ አራገፍነው፣ የለም።

ማታ እራት ላይ ሆኜ በመስኮት ግቢውን ሳይ፣ ዶሮዎቹ ተሰልፈው ውሃ ይጠጣሉ። የሚጠጡበት ዕቃ ረጅም ነው፣ አሉሚኒየም ነው፣ ዳርና ዳሩ ላይ የብሎን ቀዳዳ አለው።

ቶርኖ ቤት

ለዶሮዎቹ ሌላ ዕቃ ግዛላቸው። ክዳኑን በሽቦ ብሩሽ እንዳትነካው፣ ለብ ባለ ውሃና በጨርቅ ብቻ። ቅዳሜ እወርዳለሁ። ለአክስትህም ንገራት፣ ቡና ከሦስተኛው በፊት አልነሳም።